የጊታሩን ጥዝዝታ ስላስቆማችሁልን

ለክቡር የሕንጻዎች አስተዳደርና ጥገና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

እንደምን ሰነበቱልኝ? እርስዎ፣ የተከበሩት ባለቤትዎና ልጆችዎ ሁላችሁም በያላችሁበት ደህና እንድትሆኑ ምኞቴ የጸና ነው። በተለይ ስለ ልጆችዎ አጥብቄ እመኛለሁ፤ የልጅ ጤና ምን ያህል ትልቅ ሀብት እንደሆነ አሁን በደንብ ገብቶኛልና። እኔ ደህና ነኝ። ሰው ሁሉ ሲጠይቀኝ የምመልሰው ይህንኑ ስለሆነ ለእርስዎም የተለየ ቃል አልፈጠርኩም።

ደብዳቤዬን በጋዜጣ ላይ ማውጣቴን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ። በእጄ ይዤው ብመጣ ደስ ባለኝ፤ ነገር ግን እስከ ዛሬ በጽሕፈት ቤትዎ መስኮቶች የገቡት ደብዳቤዎቼ በዚያው ስለቀሩ፣ ይህኛው እንኳ ሰው እያየው ይምጣ ብዬ ነው። የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው። በሕንጻችን ምድር ቤት፣ እናንተ በቆለፋችሁት የኤሌክትሪክ ሣጥን ውስጥ፣ ባለሙያችሁ የቆረጠው ቢጫና አረንጓዴ ሽቦ አለ። እሱን መልሳችሁ ቀጥሉልን። ለልጄ ብዬ አይደለም፤ ልጄ ከእንግዲህ ሽቦ አያስፈልገውም። ከላይና ከታች ገና በሕይወት ላሉት ነው።

መርዶው የደረሰኝ ዕለት መጋረጃ እየሰፋሁ ነበር። የምሠራበት ስፌት ቤት ማሽኖቹ አንድ ላይ ሲነሡ ሰው ጆሮ ሥር ካልጮኹ የሚሰማ ነገር የለም፤ ስለዚህ ስልኬ ደጋግሞ ቢጠራም አልሰማሁትም። አሠሪያችን ማሽን ሲቆም ዐይኗ የሚቀላ ሴት ናት፤ ክር ስንቀይር እንኳ ከኋላችን ቆማ ትተነፍሳለች። ያን ዕለት ራሷ ሄዳ የማሽኖቹን ዋና ማብሪያ አጠፋችው። ሁሉም በአንድ ጊዜ ዝም አሉ። መብራት የሄደ መስሎን ቀና ስንል አምፖሉ ይበራል። በሩ ላይ የታች ቤቷ ጎረቤቴ ቆማለች። ይህች ጎረቤቴ በጡረታ የተገለለች ነርስ ናት፤ በዕድሜዋ ስንቱን ቤተሰብ ወንበር ላይ አስቀምጣ ክፉ ወሬ የነገረች ሴት ናት። ለእኔ ሲሆን ግን አፏ እምቢ አላት። «እታለም፣ መቀሱን አስቀምጪውና ነይ» ብቻ አለችኝ። መቀሱን አስቀመጥኩት። ምን ሆኖ ነው ብዬ አልጠየቅኳትም፤ የጠየቅኳት «ብቻውን ነበር?» ብዬ ነው።

አንድ ዐይን ያለው በአፈር አይጫወትም ይላሉ። የእኔ አንድ ዐይን እሱ ነበር። እኔ በአፈር አልተጫወትኩም፤ የተጫወተልኝ ጽሕፈት ቤታችሁ ነው። ስለዚህ ምስጋናዬን እንደ ሥራ ደንባችሁ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ለልጄ የመጀመሪያ ማመልከቻ ስለሰጣችሁት ምሁራዊ መልስ አመሰግናለሁ።

ነገሩን ለማያውቁ አንባቢዎች ላስረዳ። ልጄ ቀን ማተሚያ ቤት ወረቀት ይቆርጣል፤ ከሥራ ሲመለስ ጊታር ይጫወታል። ቤታችን ጠባብ ስለሆነ፣ የእሱን ክፍል ከእኔ መኝታ የሚለየው አንድ ቁም ሣጥን ብቻ ነው። ጎረቤት እንዳይረበሽ ድምፁን ወደ ኮምፒውተር አስገብቶ በጆሮ ማዳመጫ ነው የሚሰማው። ጊታሩ በገመድ ከአንድ አሮጌ የብረት ማጉያ ሣጥን ጋር ይያያዛል፤ ሣጥኑ ከግድግዳው ኤሌክትሪክ ይወስዳል፤ ከሣጥኑ ደግሞ ድምፁ ወደ ኮምፒውተሩ ይሄዳል። ኮምፒውተሩ ውስጥ የጊታርን ድምፅ ሆን ብሎ የሚያሻክር ዲስቶርሽን የሚባል ፕሮግራም አለ። እኔ በበኩሌ ጤነኛ ድምፅ ለምን እንደሚሻክር ገብቶኝ አያውቅም። ፕሮግራሙ ግን ልጄ ከሚጫወተው ዜማ ሥር ሌላ ነገር ያሰማ ነበር፤ ጥዝዝ የሚል፣ የማያቋርጥ፣ ጠርሙስ ውስጥ እንደገባ ዝንብ ያለ ድምፅ።

እኔም አፌ አያርፍምና «ሎሚ መጥጠህ ኮመጠጠኝ ትላለህ እንዴ? ድምፅ የሚያሻክር ነገር አስገብተህ ድምፁ ሻከረብኝ ብለህ ታለቅሳለህ» እለው ነበር። እሱም ይስቅና «እማ፣ ሻካራውን የጠራሁት እኔ ነኝ። ጥዝዝታው ግን ሳይጠራ የመጣ እንግዳ ነው። ይሄ ፕሮግራም ደግሞ አመሉ ክፉ ነው፤ ሹክ ያልሽውን ሁሉ በአደባባይ ይናገራል» ይለኝ ነበር። እውነቱን ነው፤ ጊታሩ ብቻውን ሲሰማ ጥዝዝታው እንደ ትንፋሽ ነው፤ ፕሮግራሙ ሲከፈት ወፍጮ ይሆናል።

ያላደረገው የለም። የፕሮግራሙን ማጉያ ዝቅ አደረገው፤ ጥዝዝታው ቀነሰ፣ ዜማውም አብሮ ፈዘዘ። ፕሮግራሙ በር የሚባል ነገር አለው፤ ድምፅ ዝቅ ሲል ራሱ ይዘጋል። በሩን ሲያጠብቀው ጥዝዝታው ይጠፋል፤ ነገር ግን ረዘም ብሎ የሚጠፋው የክሩ ድምፅም መሐል ላይ ይቆረጣል። «ዜማው ትንፋሹን ሳይጨርስ ይሞታል» ብሎ መልሶ ከፈተው። ገመድ ቀየረ። ከኮምፒውተሩ ራቅ ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተጫወተ፤ የተቀጣ ተማሪ ይመስል ነበር። እኔን የመብራቱ ማብሪያ ጋ አቁሞ «እማ አጥፊው፣ አብሪው፣ አሁንም አጥፊው» እያለ ጨለማ ውስጥ አቁሞኝ ረስቶኝ ያውቃል። በመጨረሻ የኮምፒውተሩን ቻርጀር ከግድግዳ ሲነቅለው ጥዝዝታው ብን ብሎ ጠፋ። ደስታችን ግን አልቆየም፤ ባትሪው ስላረጀ አንድ ዜማ ሳይጨርስ ኮምፒውተሩ ጠፋ። ያን ጊዜ ነው ችግሩ ከፕሮግራሙም ከጊታሩም ሳይሆን ከግድግዳው እንደሚመጣ ያወቅነው።

ቀጥሎ ያስተዋልነው ደግሞ ጥዝዝታው የሚብሰው ምድር ቤት ያለው የውሃ ፓምፕ ሲነሣ መሆኑን ነው። ልጄ ይህን ለማረጋገጥ ምድር ቤት ወረደ፤ እኔ ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ቁጭ አልኩ፤ ነርሷ ጎረቤቴ ደግሞ ደረጃው መሐል ቆማ ወሬ አቀባይ ሆነች። እሱ ከታች «ተነሣ!» ይላል፤ እሷ «ተነሣ ብሏል!» ትላለች፤ እኔ «ጮኸ!» እላለሁ። «ቆመ!» «ቆመ ብሏል!» «ዝም አለ!» ደረጃ የሚወጣ የሚወርደው ሰው ሁሉ አብዳችኋል አለን። ነርሷም «ዕድሜ ልኬን የሰው ልብ ሳዳምጥ ኖሬ በጡረታዬ የፓምፕ ልብ አዳማጭ ሆንኩ» ብላ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ሳቀች። እኛ ቤት እንዲያ የተሳቀበት ቀን ያ የመጨረሻው ነው ብል ብዙ አልዋሽም።

እንግዲህ ልጄ ይህን ሁሉ ጽፎ፣ ፓምፑ ኤሌክትሪክ ወደ ግድግዳችን እያፈሰሰ ነውና ይጠገን ብሎ አመለከተ። የእናንተም መልስ በማኅተም ደረሰን። «አመልካቹ የሚጠቀሙበት ሶፍትዌር በባሕርይው ድምፅ የሚያበላሽ መሆኑ ስለተረጋገጠ፣ ጽሕፈት ቤታችን ለተበላሸው ድምፅ ኃላፊነት የማይወስድ መሆኑን በአክብሮት እየገለጽን፣ የሶፍትዌሩን ማስተካከያ እንዲፈትሹ እንመክራለን» ይላል። ክቡር ሆይ፣ ምክራችሁን ልጄ ጮክ ብሎ አነበበልኝ። አክብሮታችሁ ጋ ሲደርስ ድምፁን ቀነሰ።

ሁለተኛ፣ ልጄ ሳይሰለች ደጋግሞ ቢያመለክት በመጨረሻ ባለሙያ ስለላካችሁልን አመሰግናለሁ።

ባለሙያው ትሑት ልጅ ነው፤ በር ላይ ጫማውን አውልቆ ነው የገባው። ሰፈሩ ባለ ፒንሳው ይለዋል፤ ከፒንሳ በቀር ሌላ መሣሪያ ይዞ የታየበት ቀን የለምና። እሱን አልወቅሰውም፤ መለኪያ ያልሰጣችሁት እናንተ ናችሁ። ልጄ ስለ ፓምፑ ሲነግረው «ወንድሜ፣ ፓምፑ በዘንድሮ ዕቅድ አልተያዘም። እኔ የተባልኩት ጩኸቱን አስቁም ነው» አለው። ከዚያ የክፍሉን ሶኬቶች አንድ በአንድ ፈታና ከእያንዳንዳቸው ቢጫና አረንጓዴውን ሽቦ በፒንሳው ቆርጦ ጫፉን በፕላስተር ጠቀለለው። ልጄ «ይሄ ሽቦ ግን ለምንድን ነው?» አለው። «ኧርዝ ነው፤ የመሬት ሽቦ። መብራቱ የሚሄደው በሁለቱ ነው፤ ይሄ ትርፍ ነው። ጩኸቱ የሚመጣልህ በዚህ ነው» አለው። ልጄ ጥቂት አመነታ። ነገር ግን አባል አድርገው ሊቀበሉት ያሰቡ የሙዚቃ ቡድን ሰዎች ዜማውን ንጹሕ አድርጎ ቀድቶ እንዲልክላቸው ጠይቀውት ነበርና፣ ጥዝዝታው ይጥፋ እንጂ በምን እንደጠፋ ለመጠየቅ ጊዜ አልነበረውም።

ኮምፒውተሩ ተከፈተ፤ ሠራ። ፕሮግራሙ ተከፈተ። ልጄ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አድርጎ ክሮቹን አንዴ መታና በመዳፉ ያዛቸው። ከዚያ ዐይኑን ጨፈነ። ምንም የለም። ከምድር ቤት ፓምፑ ሲነሣ በእግራችን ይሰማናል፤ በማዳመጫው ግን ምንም የለም። ከመቀመጫው ተነሥቶ እኔን ከመሬት አንሥቶ አዞረኝ፤ ባለ ፒንሳውንም አቀፈው። እኔም ባለሙያውን መርቄ ሸኘሁት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ስለ ሌላ ሰው ይመስለኝ ነበር።

ሦስተኛ፣ ይህን መልካም ሥራ ለእኛ ብቻ ሳትነፍጉ ለሕንጻው ሁሉ ስላዳረሳችሁ።

የአንዱ ቤት ጥዝዝታ መጥፋቱ ሲሰማ፣ ሬዲዮኔ ይጮሃል፣ ቴሌቪዥኔ ያጉረመርማል የሚል ነዋሪ በዛ። እናንተም በየቤቱ መዞር አድካሚ ነው ብላችሁ ምድር ቤት ካለው ዋና ሣጥን ውስጥ የሁላችንንም የመሬት ሽቦ በአንድ ጊዜ ቆርጣችሁ ሣጥኑን ቆለፋችሁት። ከዚያ በመግቢያው ላይ «የነዋሪዎች የድምፅ ቅሬታ መቶ በመቶ ተፈቷል» የሚል ወረቀት ለጠፋችሁ። መቶ በመቶ መሆኑን እኔም እመሰክራለሁ። ፓምፑ ዛሬም ያፈስሳል፤ የሚናገርበት ግን የለውም።

አራተኛው ምስጋና ነው ማለት ይቸግረኛል፤ ቁጥሩ ስለ ደረሰ ብቻ እጽፈዋለሁ።

ልጄ ያን ዕለት ከማተሚያ ቤት ፈቃድ ወስዶ ቤት ቀርቶ ነበር። የዜማውን መጨረሻ ሊቀዳ ነው። እኔ ስወጣ ቁርስ እንዲበላ ነግሬው «እሺ እማ» ብሎኛል፤ ሳይበላ እንደሚቀር ሁለታችንም እናውቅ ነበር። እንደ ነገሩኝ ከሆነ ዝናብ መጣ። የክፍሉ መስኮት የብረት ነው፤ ሲከፈት ውሃው ኮምፒውተሩ ላይ ይረጫል። ልጄ ጊታሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ፣ አንድ እጁ ክሮቹ ላይ እንዳለ፣ ሊዘጋው ብሎ በሌላው የመስኮቱን ብረት ያዘ።

በኋላ ነገሩን የመረመሩት ሰዎች በሚገባኝ ቋንቋ አስረድተውኛል። በአሮጌው የብረት ሣጥን ውስጥ አንድ ሽቦ ልብሱ ተልጦ ብረቱን ነክቶ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር ይደርሳል አሉኝ፤ ዕቃ ያረጃል። ለዚህ ነው የመሬት ሽቦ የሚባለው ነገር የተሠራው። ሽቦው ቢኖር ኖሮ ኤሌክትሪኩ በሱ አድርጎ ወደ መሬት ይወርዳል፤ መብራቱን በራሱ የሚያጠፋው መቁረጫም ቀጭ ብሎ ይዘጋል፤ ልጄም ዛሬስ ምን ነካው ብሎ ይነጫነጫል። ሽቦው አልነበረም። ስለዚህ ኤሌክትሪኩ ከሣጥኑ ወደ ገመዱ፣ ከገመዱ ወደ ክሮቹ፣ ከክሮቹ ወደ እጁ ሄደ፤ በደረቱ አልፎ በመስኮቱ ብረት ወጣ። ባለ ፒንሳው ትርፍ ባለው ሽቦ ቦታ ልጄ ሽቦ ሆነ።

ዜማው ተቀድቷል፤ የማተሚያ ቤት ጓደኛው ከፍቶ አሰማኝ። ሻካራ ነው፤ አሁን ግን ሻካራነቱ ለምን እንደሚወደድ የገባኝ ይመስለኛል። የመጨረሻው ድምፅ ረዘም ብሎ፣ ማንም ሳይቆርጠው፣ በራሱ ጊዜ ጠፋ። ከዚያ በኋላ ፕሮግራሙ ነርሷ ጎረቤቴ በሩን ሰብራ እስክትገባ ድረስ መቅዳቱን አላቆመም። ምንም የለበትም። ጥዝዝታ የለም፣ ማጉረምረም የለም፤ ልጄ ለዚያን ያህል ጊዜ ሲለምናችሁ የነበረው ጸጥታ ይኸው ነው። እውነት እላለሁ፣ ሥራችሁ ንጹሕ ነው።

አምስተኛ፣ ከዚያ ወዲህ ስላደረጋችሁልኝ መስተንግዶ።

የአደጋ ሪፖርታችሁ «በተጠቃሚው የጥንቃቄ ጉድለት» ይላል። ይህን ተቃውሜ አልጻፍኩም፤ ልጄ ጥንቃቄ እንደጎደለው አምናለሁ፤ እናንተን አምኗልና። ቀጥሎም በየደረጃው «ውድ ነዋሪዎች፣ ከኤሌክትሪክ ዕቃ ጋር ስትገናኙ ተጠንቀቁ» የሚል ማስታወቂያ ሰቀላችሁ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ቢሉም፣ የእናንተ ውሻ የሚጮኸው በተበሉት ላይ ነው። በሳምንቱ ደግሞ ወደ ልጄ ስልክ «ቅሬታዎ በመፈታቱ ደስ ብሎናል፤ በአገልግሎታችን ምን ያህል ረክተዋል?» የሚል መልእክት ላካችሁ። መልስ ስላልሰጠ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ሲያድግ ሥርዓት አስተምሬው ነበር።

ሽቦው ይቀጠል ብዬ የመጣሁ ጊዜ የመጀመሪያው መስኮት ወደ ሁለተኛው፣ ሁለተኛው ወደ መጀመሪያው ላከኝ። ሦስተኛው ላይ ያለችው ልጅ ግን ከሁሉ ደግ ናት፤ ወንበር ሰጠችኝ። ኮምፒውተሯን አይታ «እማማ፣ ይህ ጉዳይ ተፈቷል ይላል። የተፈታ ጉዳይ አይከፈትልኝም» አለችኝ። ማን ይክፈተው አልኳት። «ሽቦው እንዲነሣ ያመለከተው ሰው ራሱ መጥቶ እንዲመለስ ካመለከተ ይከፈታል» አለች። እሱ አይመጣም አልኳት። «እንግዲያው ውክልና ይስጥዎትና ይዘው ይምጡ» አለችኝ። ቀና ስትል ፊቴን አየችው፤ ያን ጊዜ ገባት መሰለኝ እስክሪብቶዋን ጣለች። ቢሆንም ደንቡ ደንብ ነው፤ ሊረዳኝ የሚችል ሌላ መስኮት አልነበረም። ክቡር ሆይ፣ ልጄ ያለበት ቦታ ውክልና የሚያረጋግጥ መሥሪያ ቤት ይኖር እንደሆን እርስዎ ካወቁ ቢጠቁሙኝ ውለታዎን አልረሳም። የራሴን ባለሙያ ይዤ ወደ ምድር ቤት ብወርድም፣ ሣጥኑ ላይ ያለው የናንተ ቁልፍና የናንተ ማኅተም ስለሆነ ሰውየው «እናቴ፣ ይህን ብነካ የምታሰር እኔ ነኝ» ብሎ ዕቃውን ሰበሰበ። አልፈረድኩበትም።

እንግዲህ ዛሬ ያለነው በዚህ ሁኔታ ነው። ነርሷ ጎረቤቴ ማቀዝቀዣዋን የምትከፍተው እጇን በፎጣ ጠቅልላ ነው፤ «ይነዝረኛል» ትላለች። ከላያችን ያሉት ባልና ሚስት ልጃቸው መዳህ ጀምራለች፤ ልብስ ማጠቢያቸው ብረት ነው። እናቲቱ በካርቶን አጠረችው፤ ሕፃን ግን ካርቶን ያፈርሳል እንጂ አያከብርም። ደረጃ ላይ ስንገናኝ ስለ ልጄ ታጽናናኛለች፤ እኔ የምሰማው ከላይ በኮርኒሱ በኩል የሚሄደውን የሕፃኗን ጉልበት ድምፅ ነው። ከስፌት ተመልሼ ቤት ስገባ አስቀድሜ የማዳምጠው እሱን ነው። ሲቆም ልቤ ይቆማል፤ ሲጀምር እቀመጣለሁ።

መልስ አገኛለሁ ብዬ አልዋሽዎትም። ይህን ደብዳቤ አንድ ሰው ቆርጦ በፋይል ያስቀምጠዋል፤ ፋይሉም «ተፈቷል» የሚል ይጻፍበታል። ተስፋ የሚባለው ነገር ከእኔ ጋር ሆኖ ብዙ ስላልተጠቀመ ወደ ሌላ ቤት ሄዷል፤ አልተከተልኩትም። ቢሆንም ዝም ብል ልጅቷ ስትድህ ዝም ብዬ የሰማሁ እኔ እሆናለሁ። ስለዚህ ጻፍኩ።

ክቡር ሆይ፣ ውድ ጊዜዎን ስለወሰድኩ ታላቅ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ወንበርዎ እንዲጸና፣ ዕቅድዎ ሁሉ እንዲሞላ፣ በሚነኩት ብረት ሁሉ ከሥር የሚጠብቅዎ ሽቦ እንዳይለይዎ ከልቤ እየመኘሁ፣ በተለመደው ቸርነትዎ ይህን ሳያነቡ እንደማይቀሩ፣ አንብበውም ምንም እንደማያደርጉ በፍጹም እምነት፣

የእርስዎ ታዛዥ ነዋሪ፣
መጋረጃ ሰፊዋ፣ የአንድ ልጅ እናት የነበርኩት

ግልባጭ፦
ለሕንጻው ነዋሪዎች በሙሉ፤ ብረት ስትነኩ የሚነዝራችሁ ከሆነ ዕቃውን ከግድግዳ ንቀሉ፣ እናንተን ዝም የሚያሰኝ ሰው ግን አትጥሩ
ለምድር ቤቱ ውሃ ፓምፕ፤ እስከ ዛሬ እውነቱን ሲናገር ለነበረው

ከፊርማ በኋላ የተጨመረ፦ ምናልባት ሰው እንዳያማችሁ ብላችሁ ሽቦውን እንዲቀጥል ባለ ፒንሳውን የምትልኩት ከሆነ፣ እባክዎ መጀመሪያ ዋናውን ማጥፋት የሚያውቅ ሰው አብራችሁ ላኩ፤ መለኪያም ስጡት። ወጣት ነው፤ የታዘዘውን ነው የሚሠራው። ልቅሶዬ ላይ መጥቶ በሩ ጋ ጫማውን አውልቆ ሳይገባ ቆሞ ሲያለቅስ አይቼዋለሁ። እሱም እናት አለችው፤ እርስዎ ደግሞ ሁለታችንን በአንድ ዓይነት ደብዳቤ ማጽናናት ይቸግርዎታል።

አንባቢዎቼ ሆይ፣ ከእናንተ ደግሞ የምለምነው ሌላ ነው። በየእምነታችሁ፣ በየቋንቋችሁ፣ ለልጄ ነፍስ ጸልዩልኝ። እኔ እጀምረዋለሁ፤ ስሙ ጋ ስደርስ ግን እንባዬ ይቀድመኝና መጨረሻውን አድርሼው አላውቅም። እናንተ ጨርሱልኝ።